እድራችን ከሐራጁ ቀድሞ ይድረስ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያርፍ ምን እንደምናደርግ ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም። ስልክ ይደዋወላል፤ ወጥ ይሠራል፤ እንጀራ ይጫናል፤ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ይሟላል። ሐዘንተኛው እስኪጽናና ድረስ ከቤቱ ሰው አይጠፋም። ይህን ያቆየልን እድራችን ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ሳይበተን መዝለቁ ከሚያኮሩን ነገሮች አንዱ ነው።

ያው ሰው በሕይወት እያለ ባንክ ቤቱን ሲወስድበት ግን የሚያውቅ የለም። ሚስት ለእህቷ አትነግርም፤ ባል ለጓደኛው አይነግርም። ልጆች እንኳ የሚሰሙት ዕቃው በካርቶን መታሸግ ሲጀምር ነው። እኛ ደግሞ ከወራት በኋላ «እነ እገሌ ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ» ሲባል እንሰማለን። ለምን እንደሄዱ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅ ቢኖርም መልስ አያገኝም።

ይህ እንዲያበቃ ነው ይህን ጥሪ የምጽፈው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ እድሮች፣ ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ጀማዎች፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሴቶች ማኅበራት፣ የእቁብ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ፎርክሎዠር፣ ባንክ በሞርጌጅ ዕዳ ቤት የሚወስድበት ሂደት፣ የአንድ ቤተሰብ ገመና ሆኖ መቅረቱን እዚህ ላይ እናቁመው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማንኛውም ወገናችን የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በደረሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለውና ይህን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ ፊት እንዲቀመጥ እናድርግ። በጭንቀት ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ብቻውን አይችለውም። ስንሰባሰብ ግን እንችላለን።

«ያልከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ጠበቃ ምን ይፈይድልኛል?» የሚል ብዙ ሰው አለ። ወገኔ፣ ዕዳ ያለበት ሰው መብት የለውም ያለህ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 በሜይን ስቴት አንድ ጡረታ የወጣ ጠበቃ በነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ውስጥ በፈቃደኝነት ሲሠራ የአንዲት ደሃ ሴት የፎርክሎዠር መዝገብ እጁ ገባ። ሰነዱ ላይ ያለውን ፊርማ ተጠራጠረ፤ የፈረመውን የኩባንያ ሠራተኛ አስቀርቦ በመሐላ ጠየቀው። ሠራተኛው በወር ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰነዶችን እንደሚፈርምና ውስጣቸው የተጻፈውን እንደማያጣራ ተናገረ። ከዚያች ትንሽ መዝገብ የተነሣው ጥያቄ አገሪቱን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 አምስቱ ትልልቅ የሞርጌጅ አስተዳዳሪዎች ከፌዴራል መንግሥቱና ከ49 ስቴቶች ጋር በ25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደረሱ። ያች ሴት ክፍያ ዘግይታ ነበር፤ ቢሆንም ሕጉ እሷንም ይጠብቃት ነበር። የጎደላት የሚጠይቅላት ሰው ነበር፤ አንድ ሰው ጠየቀላት።

በዚህ አገር በወንጀል የተከሰሰ ደሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ቤቱን የሚያጣ ሰው ግን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይህ መብት የለውም። ባንኩ ጠበቃ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ፖስታ ይዘን እንቀራለን። ይህን ሚዛን ማስተካከል የእኛው ፋንታ ነው።

ሰዓቱን እንወቀው፤ ይህ ነገር ከምንም በላይ የሰዓት ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። ያ ማለት አራት ወር ገደማ አለን። አብዛኛው ሰው ይህን አራት ወር የሚያሳልፈው ስልክ ባለማንሳትና ፖስታ ባለመክፈት ነው። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድ የራሷን ጨምራለች። ፍርድ ቤት መዝገብ ከመከፈቱ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ አበዳሪው ቤቱን በፎርክሎዠር ለመሸጥ እንዳሰበ የሚገልጽ ማሳወቂያ ለባለቤቱ መላክ አለበት። ውዝፉ ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ ይነበባል፤ የብድር ማስተካከያ መጠየቂያ ቅጽም አብሮት ይመጣል። መዝገቡ ሲከፈት ደግሞ ወረቀቱን የሚያደርስ ሰው በተለያዩ ቀናት ሁለት ጊዜ በር ያንኳኳል፤ ካላገኘ በር ላይ ለጥፎ በፖስታም ይልካል። ስለዚህ በር አለመክፈት ምንም አያቆምም፤ ቀኑ መቆጠሩን ይቀጥላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ትልቁ ዕድል ሚዲየሽን፣ በገለልተኛ ሰው ፊት ከባንኩ ጋር መደራደር፣ ነው። ባንኩ ሌሎች አማራጮችን መርምሮ እንደጨረሰ የሚገልጸው የመጨረሻው የመሐላ ቃል ለቤቱ ባለቤት ከደረሰ በ25 ቀን ውስጥ፣ 50 ዶላር ተከፍሎ ሚዲየሽን መጠየቅ ይቻላል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ባንኩ ውሳኔ መስጠት የሚችል ተወካይ ይዞ መቅረብ አለበት። በስልክ «ሌላ ክፍል ላስተላልፍዎ» እየተባለ ለወራት የተንከራተተ ሰው፣ መወሰን ከሚችል ሰው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ምናልባት በዚያ ቀን ብቻ ነው። 25ኛው ቀን ካለፈ ግን ያ በር ይዘጋል። ስንቶቻችን እንደሆንን እንጃ፣ ያን ቅጽ ከሌሎች ወረቀቶች መሃል ሳናየው ያለፍን።

ከባንኩ ጋር ገና በደብዳቤ ደረጃ ላይ ላለ ሰውም ሕጉ ጥርስ አለው። የተሟላ የብድር ማስተካከያ ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት መርምሮ መልስ ሳይሰጥ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ችግሩ ማመልከቻውን ማሟላቱ ላይ ነው። ኡበር የሚነዳ ወንድማችን የደመወዝ ወረቀት የለውም፤ የገቢና ወጪ መግለጫ አዘጋጅቶ እንዲፈርም ይጠየቃል። የላከው የባንክ መግለጫ ባዶው የመጨረሻ ገጽ ጎድሎት ከሆነ «ያልተሟላ» ተብሎ ይመለሳል። እንደገና ሲልክ የመጀመሪያው ወረቀት ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ይህን ዙር የሚሰብረው ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ወይም በፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር፣ በሃድ፣ የታወቀ የቤት አማካሪ ነው። ጠበቃው ለድርጅቱ የስሕተት ማሳወቂያ ሲጽፍ፣ ድርጅቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በአብዛኛውም በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። እኛ በስልክ ያወራነው ማስረጃ የለውም፤ ይህ ግን መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ የለም። ቤቱን ስትገዙ በፈረማችሁት ዲድ ኦፍ ትረስት ላይ የተሰየመው ትረስቲ፣ ደብዳቤ ልኮና በጋዜጣ አስነግሮ፣ ብዙ ጊዜ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቤቱን በሐራጅ ይሸጠዋል። ጉዳዩ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚፈልግ ባለቤት ራሱ ከስሶ እግድ ማውጣት አለበት፤ ከተሸጠ በኋላ ዕዳውን ከፍሎ ቤቱን የማስመለስ መብት የለም። ፌርፋክስና ፕሪንስ ዊሊያም ያለ ሰው «ፍርድ ቤት እስኪጠሩኝ ልጠብቅ» ካለ፣ የማይመጣ ጥሪ እየጠበቀ ነው። በዲሲ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በሱፐሪየር ኮርት በኩል ያልፋል፤ እዚያም ለመልስ የሚሰጠው ቀን ይቆጠራል።

በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ያለው ያልኩት ለዚህ ነው። አሌክሳንድሪያ ቢሮ ያለው ጎበዝ ጠበቃ የሜሪላንድ ፈቃድ ከሌለው አፐር ማርልቦሮ ላለ መዝገብ ሊቆምልን አይችልም። የኢሚግሬሽን ጉዳያችንን አሳምሮ የጨረሰልን ጠበቃም ሰውነቱ ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ የፎርክሎዠርን ቀነ ገደብ በየዕለቱ የማያየው ከሆነ እሱኑ «ማንን ትመክረኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሮክቪልን ፍርድ ቤት የሚያውቅ፣ ባንኮቹ የሚልኳቸውን ጠበቆች በስም የሚለይ፣ ሚዲየሽን ላይ በተደጋጋሚ የተቀመጠ ሰው ነው የምንፈልገው።

አሁን ስለ አዳኞቹ ልናገር፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን አልደብቅም። የፎርክሎዠር መዝገብ የሕዝብ መዝገብ ነው። በተከፈተ ማግስት የፖስታ ሣጥኑ ይሞላል፤ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ቤትዎን እናድናለን»፣ «ለባንኩ አይክፈሉ፣ ለእኛ ይክፈሉ»፣ «ቤቱን ለአንድ ዓመት በሌላ ሰው ስም እናዙረው፣ ክሬዲትዎ ሲስተካከል ይመለሳል»። አንዳንዱ በአማርኛ ነው የሚደውለው፤ እናቴ ሆይ፣ አባቴ ሆይ እያለ። ይህ አዲስ ተንኮል አይደለም። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ላንሃም ላይ የነበረው ሜትሮፖሊታን መኒ ስቶር የተባለ ኩባንያ ይህንኑ ተስፋ እየሰጠ የሰዎችን ቤት በሌሎች ስም አዛወረ፤ በቤቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ሀብት መጠጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋናዎቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሱ፤ ተፈረደባቸውም። ቤቱን ያጣ ሰው ግን ቤቱን አጥቷል።

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በፎርክሎዠር ላይ ያሉ የቤት ባለቤቶችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በ2008 ደግሞ አጠናከረችው። በፌዴራል ደረጃም ከባንኩ የተገኘውን ስምምነት የቤቱ ባለቤት በጽሑፍ አይቶ ሳይቀበለው በፊት «አድንልሃለሁ» ባይ ድርጅት ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ጠበቃ ከዚህ ነፃ የሚሆነው ቤቱ ወይም ባለቤቱ ባለበት ስቴት ፈቃድ ሲኖረውና ቅድሚያ ክፍያውን በደንበኛ አደራ ሒሳብ ውስጥ ሲያስቀምጥ ነው። ስለዚህ «ከካሊፎርኒያ ያለ የጠበቆች ቡድን ይሠራልዎታል» ብሎ በስልክ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ገና ሲጀምር ሕግ ጥሷል ማለት ነው። ስልኩን ዝጉት። የቤታችሁን የባለቤትነት ሰነድ፣ ዲዱን፣ ለማንም አትፈርሙ፤ ዘመድ ቢሆንም፣ የእምነት አባት ቢልከውም፣ ጠበቃችሁ ሳያነብበው አትፈርሙ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ታላቅ ሰው የግሮሰሪ ፌስታል ይዘው መጡ፤ ውስጡ በሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ ዓይናቸውን ቀና አላደረጉም። ከእኛ መካከል አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እህት ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ «አባባ፣ አብረን እንክፈታቸው» አለቻቸው። ፖስታዎቹን በማኅተማቸው ቀን ደረደረቻቸው። ማስታወቂያው በአንድ በኩል፣ የባንኩ በሌላ በኩል፣ የፍርድ ቤቱ ለብቻው። ከፍርድ ቤቱ ክምር ውስጥ የሚዲየሽን መጠየቂያው ወጣ፤ ቀኑ ገና አላለፈም ነበር። ከሒሳቡ ወረቀት ደግሞ ዋናው ነገር ተገኘ፤ እሳቸው ልከው ባንኩ «ያልተሟላ ክፍያ ነው» ብሎ የመለሰው ቼክ። ለወራት «ከፍያለሁ» እያሉ ሲምሉ የነበሩት ያን ክፍያ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጠበቃ ፊት ሲቀርቡ የያዙት ፌስታል ሳይሆን በቀን የተደረደረ ፋይል ነበር። ጠበቃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ገባው። ፋይሉ ባይደረደር ኖሮ ያ ሰዓት የሚያልቀው ፖስታ በመክፈት ነበር፤ የጠበቃ ሰዓት ደግሞ በገንዘብ ነው።

ያን ሥራ የሠራችው ሕግ የምታውቅ ሰው አይደለችም። ማንበብ የምትችልና ያልፈረደች ሴት ናት። እንዲህ ያሉ ሰዎች በእያንዳንዱ እድር ውስጥ ሞልተዋል።

እያንዳንዱ እድር ሦስት ሰው ይሰይም። አንዱ ወረቀት ማንበብና ማስተካከል የሚችል፣ አንዱ ጠበቃ የማፈላለጉን ሥራ የሚይዝ፣ አንዱ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር በአካል የሚሄድ ይሁን። የሦስቱም የመጀመሪያ ሥራ ምሥጢር መጠበቅ ነው፤ እድሩ ፊት ይማሉ፤ ያፈሰሰ ይወገዳል። ሰዉ የሚፈራው ባንኩን አይመስለኝም፤ እርስ በርስ መፈራራታችን ይብሳል። ስሙ በቡና ላይ እንደማይነሣ ካላመነ ፌስታሉን ይዞ አይመጣም። ደግሞ ማንም ፈቃደኛ የሕግ ምክር አይስጥ፣ አንድ ዶላርም አይቀበል። ሥራችን ሰውየውን ከትክክለኛው ሰው ጋር ማገናኘት ነው፤ ከዚያ ካለፍን ሕጉ እኛኑ ይጠይቀናል።

የጠበቆች ዝርዝሩ አሁን፣ ችግር ሳይመጣ ይዘጋጅ። ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ለየብቻ። ፈቃዱን በስም ፈልጎ ማረጋገጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች፣ የቨርጂኒያ ስቴት ባርና ዲሲ ባር የጠበቆቻቸውን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። ከዚያ በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት የፎርክሎዠር መዝገብ ይዘዋል? ሚዲየሽን ላይ ራስዎ ይቀርባሉ ወይስ ረዳት ይልካሉ? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ ለተወሰነ ሥራ በቁርጥ? ምን ምን ይጨምራል? ውሉ በጽሑፍ ነው? በኪሳራ ሕግ፣ በቻፕተር 13፣ በኩል መሄድ ካስፈለገ እርስዎ ይይዙታል ወይስ ለሌላ ያስተላልፋሉ? ጥሩ ጠበቃ እነዚህን ሲጠየቅ ፊቱ አይጠቁርም። «ቤቱን በርግጠኝነት አድናለሁ» የሚለውን ከዝርዝሩ አውጡት፤ ሐቀኛ ጠበቃ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ገንዘብ የሚያቀርብ ጠበቃ ካለም ሽሹት፤ ደንበኛ ላመጣለት ሰው መክፈል በሙያው ደንብ ክልክል ነው።

የመክፈል አቅም ለሌለው ደግሞ ነፃ በሮች አሉ። ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ የሜሪላንድ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች አገልግሎት፣ ሊጋል ሰርቪስስ ኦቭ ኖርዘርን ቨርጂኒያ፣ በዲሲ ላሉ አረጋውያን ደግሞ ሊጋል ካውንስል ፎር ዚ ኤልደርሊ አሉ። የአመልካቹን ገቢ አይተው ነው የሚቀበሉት፤ ሥራ ይበዛባቸዋልና ቀድሞ መደወል ነው። የቤት አማካሪ ለማግኘት የሃድ ስልክ 800-569-4287 ነው፤ ከፎርክሎዠር ለመዳን የሚሰጠው ምክር በነፃ ነው። ከዝርዝሩ ጋር ይህ ቁጥር በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እድሮች ለቀብር ከሚይዙት ለይተው ትንሽ የቤት መጠበቂያ ሒሳብ ይክፈቱ። ዓላማው የማንንም ሞርጌጅ መክፈል አይደለም፤ ያን አንችልም፤ ብንጀምረውም በአንድ ዓመት ውስጥ ያጣላናል። የመጀመሪያውን የጠበቃ ቀጠሮ፣ የሚዲየሽኑን 50 ዶላር፣ የሰነድ ማስወጫውን የሚሸፍን ይሁን። ገንዘቡ ለሰውየው በእጁ አይሰጥ፤ በቀጥታ ለጠበቃው ወይም ለፍርድ ቤቱ ይከፈል። እንዲህ ከሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ተቀባዩም አንገቱን አይደፋም።

አስተርጓሚም አንርሳ። እንግሊዝኛችን ለሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ስለ ዕዳና ስለ ፍርድ ሲሆን ግን የምናውቀውም ይጠፋብናል። በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ በቅጽ ቀድሞ ከተጠየቀ በነፃ ይቀርባል። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጆቻችንን የወላጆቻቸውን የፎርክሎዠር ወረቀት ተርጓሚ አናድርጋቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «አባዬ፣ ቤታችንን ሊሸጡት ነው» ብሎ ማንበብ የለበትም።

ሁሉም ቤት አይድንም፤ ይህን ደፍሮ የሚነግረን ጠበቃ ያስፈልገናል። ገቢው የማይመለስ ከሆነ፣ ፍቺ ቤቱን ለሁለት ከከፈለው፣ ሕመም የሠራተኛውን እጅ ካሰረው፣ ቤቱን ለማቆየት መታገል የቀረውንም ያስጨርሳል። ያም ሆኖ ጊዜው ካላለፈ መንገድ አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ ለዓመታት የተከፈለበት ቤት ከዕዳው በላይ ዋጋ ያለው ብዙ ነው፤ ከሐራጁ በፊት ባለቤቱ ራሱ በገበያ ከሸጠው ትርፉን ይዞ ይወጣል። በሐራጅ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዕዳው የሚተርፍ ካለ የባለቤቱ ነው፤ ግን እሱንም ለማግኘት ማመልከት ያስፈልጋል፤ እዚያም ላይ አዳኞቹ ያደባሉ። ገቢው ተቋርጦ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ቻፕተር 13 አለ፤ ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት ከተመዘገበ ሽያጩን ወዲያው ያስቆማል፤ ውዝፉንም ከ3 እስከ 5 ዓመት ከፋፍሎ ለመክፈል ያስችላል። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ሐራጁ ዋዜማ የሥራ ቀን ድረስ ውዝፉን ከነወጪው ከፍሎ ብድሩን ማስቀጠል ይቻላል። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ፋይሉን ያነበበ ጠበቃ ነው። በፌስቡክ የሰማነው የሌላ ሰው ታሪክ አይወስንልንም።

በወረርሽኙ ጊዜ የክፍያ ማቆሚያው ብዙዎቻችንን አሻገረን፤ መንግሥት የላከው የቤት ባለቤቶች ድጎማም ረዳ። ያ ጊዜ አልፏል። ወለዱ ከፍ ብሎ፣ ኢንሹራንሱና የንብረት ግብሩ ጨምሮ፣ ወርሐዊ ክፍያው ከትናንቱ የበለጠበት ቤተሰብ አለ። የሚንበረከከው ሰው በየጉባኤው ከጎናችን ቆሟል፤ ማን እንደሆነ አናውቅም።

ወጣት ጠበቆቻችን፣ በዚህ አገር ተምራችሁ የባር ፈተና ያለፋችሁ ልጆቻችን፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ በስም የመጣ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ፤ የእናንተ ዘርፍ ባይሆን እንኳ የትኛው ፖስታ አስቸኳይ እንደሆነ ለይታችሁ ትነግራላችሁ፤ የዘርፉን ሰው ታገናኛላችሁ። ቤት የምትሸጡ ወኪሎች፣ ገዢን ቁልፍ ስታስረክቡ ችግር ሲመጣ ወዴት እንደሚደወል ንገሩት። ታክስ የምትሠሩ፣ በየካቲትና በመጋቢት የሰውን የሞርጌጅ ወረቀት ከማንም ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ውዝፍ ስታዩ ዝም አትበሉ። ቀሳውስት፣ ሼኮች፣ ፓስተሮች፣ ዕዳ ያለበት ሰው ኃጢአተኛ አለመሆኑን ከመድረክ ላይ ተናገሩ፤ ከእናንተ አፍ ሲሰማ ነው ሰዉ የሚቀለው። እናቶች፣ ጎረቤታችሁ በር መክፈት ከተወች፣ በሯ ላይም ወረቀት ተለጥፎ ካያችሁ፣ አንኳኩ።

የእድር ጸሐፊዎች፣ በሚቀጥለው ወርሐዊ ስብሰባ ላይ ይህን አጀንዳ ያዙት። በዚያው ቀን ሦስቱ ሰዎች ይመረጡ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸው ይግባ፤ ከየአባሉ የሚዋጣው ይቆረጥ፤ የጠበቆቹ ዝርዝር በስንት ሳምንት ተጣርቶ እንደሚቀርብ ቀን ይወሰን። እድራችሁ ትንሽ ከሆነ ከጎረቤት እድር ጋር አብሩ፤ የቨርጂኒያው ለሜሪላንዱ ይደውል፤ አንዱ ያጣራውን ሌላው እንደገና አይድከምበት። ፖስታ ያልከፈታችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ አንድ የምታምኑት ሰው ጥሩና አብራችሁ ክፈቱት፤ የፍርድ ቤቱን ለዩ፤ ቀኑን በቀይ አክብቡ፤ ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ደውሉ።